ከወኅኒ ወደ መድረክ፦ የጃፓናዊው ሠዓሊ ኢቶ ሴዩ ሕይወት እና የገመድ ጥበብ

መግቢያ

ኢቶ ሴዩ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1882 በቶኪዮ ከተማ አሳኩሳ በሚባለው ሰፈር ሲወለድ፣ አዲሱ የጃፓን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ተከሳሽን አሠቃይቶ ማናዘዝም ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1879፣ በሕግ ተሽሮ ነበር። ሕፃኑ የተወለደው፣ የመንግሥት ሹማምንት ለዘመናት እስረኛን ሲያጠብቁበት የኖሩትን ገመድ ከእጃቸው ባኖሩበት ወቅት ነው ማለት ይቻላል። ይኸው ሕፃን አድጎ ያንኑ ገመድ ከወደቀበት አነሣው፤ በብሩሽ ሣለው፤ በፎቶግራፍ አስቀረው፤ በመጨረሻም ከወኅኒ ቤት የተባረረው ገመድ በመድረክ ላይ የሚታይ የጥበብ ዘርፍ እንዲሆን መንገድ ጠረገ።

በጃፓንኛ ይህ ዘርፍ ኪንባኩ ይባላል፤ ትርጉሙም አጥብቆ ማሰር ማለት ነው። ሺባሪ የሚለው ሌላው ስያሜ ደግሞ በቀጥታ ማሰር ማለት ነው። በዛሬው ዘመን በቶኪዮም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች ተመልካች በተሰበሰበበት መድረክ የሚያቀርቡት ባለሙያዎች አሉ። ብዙዎቹም የሙያቸውን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥሩ የሚጀምሩት ከኢቶ ሴዩ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የሠዓሊውን ሕይወት ከዘመኑ ታሪክ ጋር አያይዞ መተረክና አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው፤ የቅጣት መሣሪያ ወደ ጥበብ መሣሪያነት ሲለወጥ በእርግጥ የሚለወጠው ምንድን ነው? ጥያቄው ለእኛም ባዕድ አይደለም። ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን የራሷ የእስራት ሥርዓት ነበራት፤ ትረካውም ከዚያ ቢነሣ ለአንባቢ ይቀርባል። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ካልተጠቀሱ በቀር ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስራት እንደ ፍርድ መሣሪያ፦ አንኮበር እና ኤዶ

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (የነገሡት ከ1813 እስከ 1847) ሸዋን በሚያስተዳድሩበት ዘመን፣ በአንኮበር አቅራቢያ ጎንቾ የተባለ የታወቀ የግዞት ስፍራ ነበር። ከታሳሪዎቹ መካከል የዙፋን ተቀናቃኝ ይሆናሉ ተብለው የሚፈሩ የንጉሣዊው ቤተሰብ አባላት ይገኙበት ነበር። ከ1841 ጀምሮ በሸዋ የተቀመጠው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ እስር ቤትና ንጉሡ ዘመዶቻቸውን ከሰንሰለት ስለ ፈቱበት ሁኔታ ተርኳል። ንጉሡን እንዲህ የሚያስጨንቃቸው የወንበዴ እስራት ሳይሆን የመኳንንት እስራት ነበር፤ የታሰረው ሰው ማንነት የእስሩን ትርጉም ይወስነው ነበርና።

ከቤተ መንግሥት ውጭም እስራት የዕለት ተዕለት የፍትሕ ሥርዓት አካል ነበር። ባለዕዳና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ የሸማቸው ጫፍ እርስ በርስ ተቋጥሮ፣ ነገሩ ከበረታም በሰንሰለት ተያይዘው ይሄዱ ነበር። ይህ ቁራኛ የተባለው ሥርዓት ነው። የሸማ ቋጠሮ ጉልበተኛን ለመያዝ የሚበቃ ኃይል የለውም፤ ኃይሉ በሕዝብ ፊት መታየቱ ነው። ቋጠሮውን የፈታ ሰው ሕጉን እንደ ፈታ ይቆጠር ነበር። በአንጻሩ የፊጥኝ መታሰር፣ ማለትም ሁለት እጅን ወደ ኋላ ጠፍሮ መያዝ፣ ሥቃይም ውርደትም ነበር። ቃሉ እስከ ዛሬ በቋንቋችን ጽኑ የመታሰርን ነገር ለመግለጽ ያገለግላል።

የዛሬዋ ቶኪዮ ኤዶ ተብላ በምትጠራበት በቶኩጋዋ ዘመንም (1603–1868) እስራት ተመሳሳይ ሁለት ፊት ነበረው። ሆጆጁትሱ የሚባለው የማሰር ሙያ ከጦር ጥበቦች እንደ አንዱ ተቆጥሮ፣ በየወገኑ በምስጢር ይተላለፍ ነበር። የገመዱ አጠላለፍ እንደ ታሳሪው ማዕረግ፣ ፆታና የወንጀል ዐይነት ይለያያል። አንድ ሰው በጥርጣሬ ሲያዝ ያለ ቋጠሮ ብቻ ይጠመጠምበታል፤ ቋጠሮ ያለበት እስራት ለወንጀለኛነት የሚሰጥ ምልክት ስለ ሆነ ገና ያልተፈረደበትን ያዋርዳልና። መልካም አሳሪ እስረኛው እንዳያመልጥ፣ አካሉ እንዳይጎዳ፣ የአስተሳሰሩ ስልት ለሌላ እንዳይገለጥ፣ ያም ሆኖ ሥራው ለዓይን ያማረ እንዲሆን መጠንቀቅ እንዳለበት ይነገር ነበር። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ለኋላው ታሪክ ወሳኝ ነው፤ ውበት ከገመዱ ጋር የተዋወቀው ገና በሹማምንቱ እጅ ሳለ ነው።

ይሁን እንጂ የኤዶ ሕግ ጨለማ ገጽ ነበረው። ለከባድ ቅጣት የተከሳሹ የእምነት ቃል ይፈለግ ስለ ነበር፣ ላለመናዘዝ የጸና ሰው በግርፋት፣ በጉልበቱ ላይ ድንጋይ በመጫን፣ አካሉን አጥፎ በማሰር ወይም በገመድ በማንጠልጠል ይሠቃይ ነበር። ከ1868ቱ የሜይጂ ለውጥ በኋላ ጃፓን ከምዕራባውያን መንግሥታት ጋር በእኩልነት ለመቆም ስትል ሕጓን እንደገና ጻፈች። በመንግሥት አማካሪነት የተቀጠረው ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ጉስታቭ ቧሶናድም ማሠቃየት እንዲቀር አጥብቆ ተሟገተ። የ1879ኙ ሽረትና ከ1882 ጀምሮ የጸናው ሕግ የዚህ ጥረት ፍሬዎች ናቸው።

ልደት እና ልጅነት በአሳኩሳ

የሠዓሊው የመጠሪያ ስም ሃጂሜ ነበር። ሴዩ ኋላ ላይ ለሥራው የወሰደው የብዕር ስም ሲሆን፣ የሚጻፍባቸው ሁለት ፊደላት ብራ እና ዝናብ የሚል ትርጉም አላቸው። አባቱ ብረታ ብረት የሚቀርጽ የእጅ ባለሙያ ነበር። ሰይፍ መያዝ በታገደበት ዘመን የሰይፍ ጌጥ ቀራጮች ገበያ መቀዝቀዙ ሲታሰብ፣ ቤተሰቡ በዘመኑ ለውጥ መካከል የቆመ እንደ ነበር መረዳት ይቻላል። ልጁ ገና በጨቅላነቱ የሥዕል ዝንባሌ ስላሳየ የኮሪን ወገን ከሚባለው ጌጠኛ የአሣሣል ባህል መምህር ዘንድ ተላከ፤ ከዚያም የዝሆን ጥርስ ቀራጭ ዘንድ በተለማማጅነት ገባ። በኋለኛው ዘመን በሥዕሎቹ የሚታየው የመስመር ጥራትና ለትንሽ ነገር መጨነቅ ከዚህ የቀራጭነት ሥልጠና የመጣ ይመስላል።

ከመምህራኑ ይልቅ ግን ያሳደገው ሰፈሩ ነው። አሳኩሳ በሴንሶጂ ቤተ መቅደስ ዙሪያ የተቆረቆረ፣ ተሳላሚና ነጋዴ፣ ተረት ነጋሪና አክሮባት የሚተራመስበት ሰፈር ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት የከተማዋን የካቡኪ ቲያትር ቤቶች ወደዚሁ አካባቢ አዛውሯቸው ስለ ነበር የቲያትር ባህል በሰፈሩ ሥር ሰድዷል። በ1890 ደግሞ የዘመኑ ድንቅ የተባለው ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ማማ እዚያው ተሠራ። ልጁ በአንድ ወገን አሮጌው ኤዶ ሲያረጅ፣ በሌላ ወገን አዲሷ ቶኪዮ ስትገነባ እያየ አደገ።

በካቡኪ መድረክ የታሰረች ሴት የታወቀች ገጸ ባሕርይ ናት። ለምሳሌ በ1757 መጀመሪያ በአሻንጉሊት ቲያትር ቀርቦ ኋላ ወደ ካቡኪ በተሻገረው ተውኔት ውስጥ፣ የታላቁ ሠዓሊ የሴሹ የልጅ ልጅ ዩኪሂሜ ለጨካኙ መስፍን አልታዘዝም በማለቷ ከቼሪ ዛፍ ጋር ትታሰራለች። እጆቿ ስለ ተያዙ በእግር ጣቶቿ ከረገፉት አበቦች አይጦችን ትሥላለች፤ አይጦቹም ነፍስ ዘርተው ገመዱን ይበጥሱላታል። ሴሹም ራሱ ልጅ ሳለ ከቤተ መቅደስ ምሰሶ ጋር ታስሮ በእንባው አይጥ ሣለ የሚል አፈ ታሪክ አለ። በእነዚህ ታሪኮች ገመድ የጥበብ ጠላት ሳይሆን የጥበብ መፈተኛ ነው፤ የታሰረ ሰው እጁን ቢያጣም ኃይሉን አያጣም።

ነገር ግን ከ1629 ጀምሮ ሴቶች በካቡኪ መድረክ እንዳይወጡ ተከልክለው ስለ ነበር፣ ዩኪሂሜን የሚጫወተው ወንድ ነው። ገመዱም ለትርዒት የተሰናዳ እንጂ ሥጋ የሚያጠብቅ አይደለም። የካቡኪ እስራት በሁለት በኩል ማስመሰል ነው፤ የታሰረችው ሴት ሴት አይደለችም፤ የታሰረችበት እስራትም እስራት አይደለም። ኢቶ ሴዩ በሕይወቱ የሠራው ዋነኛ ነገር፣ ለመልካምም ሆነ ለክፉ፣ እነዚህን ሁለት ማስመሰያዎች ማንሣቱ ነው።

ከማስታወቂያ ሰሌዳ እስከ ጋዜጣ

ወጣቱ ሠዓሊ የዕለት እንጀራውን ያገኝ የነበረው ከታላላቅ የሥዕል ማኅበራት አልነበረም። ለቲያትር ቤቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሥል፣ የመድረክ ሥዕሎች ያዘጋጅ፣ ለጋዜጦች ደግሞ ሥዕልና የቲያትር ትችት ያቀርብ ነበር። ጋዜጣ የሚገዛው ሕዝብ በበዛበት በዚያ ዘመን የጋዜጣ ሠዓሊነት የማያቋርጥ ሥራ ነበር፤ በየዕለቱ ተከታታይ ልብ ወለድ ይታተማል፤ እያንዳንዱ ክፍልም ሥዕል ይፈልጋል። ይህ ሥራ ሁለት ነገር አስተማረው። አንደኛው ፍጥነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የጥንቱን ዘመን ልብስ፣ የጸጉር አሠራር፣ የቤት ዕቃና የመሣሪያ ዐይነት በትክክል የማወቅ ግዴታ ነው፤ ያለፈውን ዘመን ታሪክ የሚያነብ ሰው የዘመኑን መልክ በሥዕሉ ማየት ይሻልና።

በዚህ ጥናት ውስጥ የጥንት የፍርድ ሥርዓትም ገባ። ሴዩ ስለ ኤዶ እስር ቤቶች፣ ስለ ሹማምንቱ የማሰሪያ ስልትና ስለ ማሠቃያ ዘዴዎች መረጃ ይሰበስብ ጀመር። ፍላጎቱ ግን የታሪክ ፍላጎት ብቻ አልነበረም፤ በታሰረ አካልና በተበተነ የሴት ጸጉር ውስጥ የፍትወት መስሕብ ያይ እንደ ነበር ራሱም አልሸሸገም። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ሌላውን ሊደብቅ አይገባውም። የባህል መዝጋቢውና ምኞቱን የሚያሳድደው ሰው አንድ ሰው ነበሩ፤ የሥራው ጥንካሬም ሆነ የሥራው ችግር የሚመነጨው ከዚሁ አንድነት ነው።

አሠራሩም ከቀደሙት ሠዓልያን የተለየ ነበር። የኤዶ ዘመን ሠዓልያን የታሰረን ሰው የሚሥሉት ከሐሳባቸው ወይም ከመድረክ ካዩት ነው። ሴዩ ግን በሥቱዲዮው ውስጥ ሞዴሏን በእውነተኛ ገመድ ያስራል፤ ጸጉሯ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ትከሻዋ እንዴት እንደሚጎብጥ፣ የልብሷ እጥፋት በገመዱ ሥር እንዴት እንደሚሰበሰብ ይመለከታል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ከዚያ ይሥላል። ፎቶግራፉ በመጀመሪያ ለሥዕሉ መነሻ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ማሰሩ ራሱ፣ ማለትም በሥቱዲዮው ውስጥ በአሳሪና በታሳሪ መካከል የሚፈጸመው ነገር፣ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። የኋለኛው ዘመን የመድረክ ኪንባኩ የተፀነሰው በዚህ ስፍራ ነው ማለት ይቻላል።

የ1921 ፎቶግራፍ

በ1885 ታዋቂው የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ሠዓሊ ፁኪዮካ ዮሺቶሺ አንድ አስፈሪ ሥዕል አውጥቶ ነበር። በአዳቺ ሜዳ በሚገኝ ብቸኛ ጎጆ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቢላዋ ስትስል፣ ከበላይዋ ደግሞ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ቁልቁል ተንጠልጥላ ትታያለች። ሥዕሉ የጥንት አፈ ታሪክን መሠረት ያደረገ ነው። ሴዩ ግን አንድ የሠዓሊ ጥያቄ ያዘው፤ እንዲህ የተንጠለጠለች ነፍሰ ጡር አካል በእርግጥ ይህን ይመስላልን?

በ1921 ሁለተኛ ሚስቱና ሞዴሉ የነበረችው ኪሴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሴዩ እርሷን በዮሺቶሺ ሥዕል አምሳል በገመድ አንጠልጥሎ ፎቶግራፍ አነሣት። ኪሴ በነገሩ ፈቃደኛ እንደ ነበረች ይተረካል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፎቶግራፉ በመጽሔት ወጣ፤ ሠዓሊውንም በአንድ ጊዜ ዝነኛና የተወገዘ አደረገው። ከዚያ በኋላ ስሙ በተነሣ ቁጥር የሚታወሰው በዚህ ምስል ሆነ።

በሴዩ ሕይወት ውስጥ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ካቡኪ የታሰረችውን ሴት በወንድ፣ ገመዱንም በይስሙላ ገመድ ሲተካ፣ ከማንም ሥጋ ላይ ዋጋ አይጠይቅም ነበር። ሴዩ ማስመሰያውን ካነሣ በኋላ ግን ዋጋ የሚከፍል አካል አለ፤ በዚያ ላይ የኪሴ አካል የራሷ ብቻ አልነበረም። ፈቃደኝነቷን ብንቀበል እንኳ ታሪኩ የሚነገረው በባለ ብሩሹ በኩል መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ሚስት ናት፤ ሞዴል ናት፤ ኑሮዋም በእርሱ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። በእንዲህ ያለ ግንኙነት ውስጥ እሺ ማለት ምን ያህል ነጻ ነው? የኤዶ ሹም የሚያስረው ሰው እንቢ የማለት መብት አልነበረውም። የሴዩ ሞዴል በሐሳብ ደረጃ መብቱ አላት። የቅጣት ገመድና የጥበብ ገመድ የሚለያዩት በዚህች መብት ብቻ ነው፤ መብቷ በቀጠነች መጠንም ሁለቱ ገመዶች ይቀራረባሉ።

የምድር መንቀጥቀጥ፣ መዝገብ እና እገዳ

በሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 እኩለ ቀን ገደማ ታላቁ የካንቶ የምድር መንቀጥቀጥ ቶኪዮንና ዮኮሃማን አናወጠ። ተከትሎ በተነሣው ቃጠሎ ጭምር ከ100,000 በላይ ሰው ሞተ። የአሳኩሳው ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ማማ ከወገቡ ተሰበረ፤ የሴዩ የልጅነት ሰፈርም በእሳት ወደመ። ከተማዋ እንደገና ስትሠራ በአስፋልትና በሲሚንቶ ተሠራች፤ ከኤዶ የተረፈው የእንጨት ቤትና ጠባብ መንገድ አብዛኛው ለዘላለም ጠፋ።

ለሴዩ ይህ ጥፋት የሥራ ጥሪ ሆነ። ከ1927 ጀምሮ የኤዶንና የቶኪዮን ልማዶች በሥዕልና በጽሑፍ የሚመዘግብ ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። በውስጡ የመንገድ ላይ ሻጮች፣ የበዓል ጨዋታዎች፣ የሱቅ ምልክቶች፣ የትርዒት ድንኳኖችና የሙያተኞች አለባበስ ተሥለዋል። የመንግሥት ታሪክ ጸሐፊ የማይመዘግበውን የተራ ሰው ኑሮ መዘገበ። የዘመኑን የከተማ ባህል የሚያጠና ሰው ይህን ሥራ ለማጣቀሻነት ይፈልገዋል፤ ስለ ገመድ ሥዕሎቹ ምንም ስሜት የሌለው ተመራማሪም ቢሆን።

በ1928 ደግሞ ስለ ማሠቃያ ዘዴዎች ያደረገውን ጥናት በመጽሐፍ አወጣ፤ መንግሥት ወዲያው አገደው። እገዳው የሚያስገርም አይደለም፤ ከ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላ በጃፓን የኅትመት ቁጥጥር እየጠበቀ ሄዷል፤ ለሕዝብ ሥነ ምግባርና ለሥርዓት ያሰጋል የተባለ ሁሉ ይወረስ ነበር። ሆኖም አንድ ምጸት ልብ ይሏል። ማሠቃየትን በሕግ የሻረው መንግሥት በዚህ ዘመን የፖለቲካ እስረኞችን በፖሊስ ጣቢያዎች ያሠቃይ ነበር፤ በ1933 ጸሐፊው ኮባያሺ ታኪጂ በፖሊስ እጅ ሳለ ሕይወቱ ያለፈው በዚሁ ምክንያት ነው። የገመዱን ሥዕል ያገደው እጅ ገመዱን ራሱን አልጣለውም ነበር።

የሰሜን ሸዋ ልጅ በቶኪዮ

በዚህ ወቅት ከአገራችን አንድ ታላቅ ሰው ቶኪዮን ጎበኙ። በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 መጨረሻ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ተጓዙ። ያ ዓመት ኢትዮጵያ የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት በብዙ መልኩ አርአያ ያደረገ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥቷን ያወጀችበት ነው። ኅሩይ ከተመለሱ በኋላ በ1924 ዓ.ም. ባሳተሙት ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተሰኘው መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው ያሳዩት የሠለጠነችውን፣ ጥንታዊ ዙፋኗን ጠብቃ በፋብሪካና በትምህርት የገሠገሠችውን ጃፓን ነው።

ሴዩ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓመት፣ የሚመዘግበው ሌላውን ገጽ ነበር፤ ሥልጣኔው እያፈረሰ ያለፈውን መንደር፣ የተሻረውን ቅጣት፣ የተረሳውን የትርዒት ድንኳን። ሁለቱ ሰዎች ለተለያየ ዓላማ አንዲት አገር ተመለከቱ። ኅሩይ የፈለጉት ለነገ የሚሆን አርአያ ነው፤ ሴዩ የፈለገው ትናንትን ከመጥፋት ማዳን ነው። የጃፓንን መሠልጠን አርአያ አድርጎ ያደነቀ የአገራችን የምሁራን ትውልድ በአብዛኛው ያየው የመጀመሪያውን ገጽ ነው። ሁለተኛውን ገጽ አብሮ ማየት፣ ፈጣን ለውጥ ምን ይዞ እንደሚመጣ ብቻ ሳይሆን ምን ይዞ እንደሚሄድም ለመመዘን ይረዳል።

ጦርነት እና የመጨረሻ ዘመን

በማርች 10 ቀን 1945 ሌሊት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ምሥራቃዊ ቶኪዮን በእሳት ቦምብ ደበደቡ። በአንድ ሌሊት ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። ሴዩ ለአርባ ዓመታት ያህል ካከማቸው ሥዕልና መዝገብ አብዛኛው በጦርነቱ ቃጠሎ ጠፋ። በምድር መንቀጥቀጡ የከተማዋን ትዝታ ያጣ ሰው በዚህ ጊዜ ትዝታውን የያዘውን ወረቀትም አጣ። ዕድሜው ስድሳ ሦስት ነበር።

ከሽንፈቱ በኋላ የቀድሞው የኅትመት ሕግ ሲሻር በርካሽ ወረቀት የሚታተሙ መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። ከእነዚህ መካከል በ1947 የተጀመረው ኪታን ክለብ የገመድ ሥዕልና ጽሑፍ ዋና መድረክ ሆነ፤ አረጋዊው ሴዩም ሥራዎቹን በዚያ አቀረበ። በዘመነ ጎልማሳነቱ በእገዳና በውግዘት የኖረው ሰው በእርጅናው ለወጣት ሠዓልያን እንደ አባት የሚቆጠር ሆነ። ሀብት ግን አላፈራም። ኢቶ ሴዩ በጃንዋሪ 28 ቀን 1961 በሰባ ስምንት ዓመቱ አረፈ።

ከሞቱ በኋላ

ከእርሱ ሞት በኋላ ገመዱ ሙሉ በሙሉ ወደ መድረክ ወጣ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኦሳዳ ኤይኪቺ በተመልካች ፊት የሚቀርብ የማሰር ትርዒት በማሳየት ታወቀ፤ እስከ 2005 የኖረው አኬቺ ዴንኪም የመድረኩን አቀራረብ አጠራ። በእነዚህ ባለሙያዎች ዘመን አንድ መሠረታዊ ለውጥ እየጎለበተ መጣ። የገመዱ ሥራ በቅድሚያ በግልጽ ስምምነት ላይ እንዲመሠረት፣ ታሳሪው በማንኛውም ጊዜ እንዲቆም መጠየቅ እንዲችል፣ አሳሪውም የደም ዝውውርንና የነርቭን ጉዳት እንዲያውቅ የሚጠይቅ የጥንቃቄ ሥርዓት ተለመደ። በ1921 በአንድ ቤት ውስጥ በባልና በሚስት መካከል የቀረው ጥያቄ የሙያው የመጀመሪያ ደንብ ሆነ።

በ1977 የፊልም አዘጋጁ ታናካ ኖቦሩ የሴዩን ሕይወት መነሻ ያደረገ ፊልም ሠራ። በቶኪዮ በሚገኘው የዜንሾአን ቤተ መቅደስ ደግሞ ከታላላቅ ሠዓልያን ሥራዎች ጋር የእርሱ የመንፈስ ሥዕል ተቀምጧል፤ ሕፃን ታቅፎ በፏፏቴ ውስጥ የቆመ ሙት ያሳያል። ቤተ መቅደሱ ጥቅል ሥዕሎቹን በየዓመቱ በነሐሴ ወር አካባቢ ለሕዝብ ይዘረጋቸዋል። ብዙ ተመልካች በሥዕሉ ፊት ሲቆም የሚያየው አስፈሪ ታሪክ ተራኪን እንጂ የገመዱን ሰው አይደለም። አንድ ሰው ሁለት ዐይነት ትዝታ ትቶ አለፈ።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ኢቶ ሴዩ የገመድ ጥበብን ከምንም አልፈጠረውም፤ ከሹማምንት የማሰር ሙያ፣ ከካቡኪ መድረክና ከእንጨት ቅርጽ ኅትመት የወረሰውን አዋሐደው። ሁለተኛ፣ ይህን ያደረገው መንግሥት ገመዱን ባኖረበት ዘመን መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ብቻ አይደለም፤ አንድ መሣሪያ ከፍርሃት ሲለይ ነው ለዓይን የሚቀርበው። ሦስተኛ፣ የመሣሪያው ስፍራ መለወጡ ብቻውን በቂ አይደለም። ገመዱ ከወኅኒ ወጥቶ ሥቱዲዮ ቢገባ፣ ከሥቱዲዮም ወጥቶ መድረክ ቢደርስ፣ ለውጡ እውነተኛ የሚሆነው የታሰረው ሰው እንቢ ማለት የሚችል ከሆነ ነው።

ይህ መመዘኛ ለራሳችን ታሪክም ይሠራል። የቁራኛ ቋጠሮና የጎንቾ ሰንሰለት በአንድ ዘመንና በአንድ ግዛት ነበሩ። በቁራኛ የተያያዙት ሁለቱ ወገኖች አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ የአንዱ ቋጠሮ የሌላውም ነው። የጎንቾው እስረኛ ግን የሚጠብቀው የንጉሡን ምሕረት ብቻ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ሲከለክል፣ ከእነዚህ ሁለት ቅርሶች መካከል የመረጠውን አሳይቷል። በአንኮበርና በአካባቢዋ የሚደረጉ የቅርስ ጥናቶች እስካሁን ትኩረታቸው በቤተ መንግሥቱና በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ነው። የእስራትና የግዞት ስፍራዎች፣ የማሰሪያ መሣሪያዎችና ከእነርሱ ጋር የተያያዙ የቃል ትውፊቶችም ሊሰበሰቡ ይገባል። በአሳኩሳ ይህን ሥራ የጀመረው በዘመኑ የተወገዘ አንድ የጋዜጣ ሠዓሊ ነበር። መዝገቡ ቢቃጠልም የተረፈው ጥቂቱ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ያልተመዘገበው ግን ያለ ቃጠሎም ጠፍቷል።